ፋሲካ በጅማ፦ በየቤታችሁ እንዴት ይከበራል?

ወለተ ሄርማታ

የጅማ ተወላጆችም ሆናችሁ ለሥራ መጥታችሁ በዚያው የቀራችሁ፣ እንደምን አላችሁ? ይህን ርዕስ የከፈትኩት ፋሲካ በከተማችን በየቤቱ እንዴት እንደሚከበር በዝርዝር እንድንጻጻፍ ነው። በበዓሉ ሰሞን በቴሌቪዥንም ሆነ በማኅበራዊ ገጾች የሚነገረው ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው፤ ዶሮው፣ በሬው፣ ድፎ ዳቦውና ቄጤማው ይጠቀስና ወሬው እዚያው ላይ ያበቃል። በእኛ ከተማ ግን አንድ ግቢ ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦች በዓሉን በሦስት መንገድ ሲያከብሩት ኖረዋል። ይህንን ጽፎ ያስቀመጠ ሰው አላጋጠመኝም፤ ሥርዓቱን አብጠርጥረው የሚያውቁት እናቶቻችንም ዕድሜያቸው እየገፋ ነው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። እናቴ የመንዝ ሰው ናት፤ አባቴ ደግሞ ከቦንጋ አካባቢ የመጣ ካፊቾ ነው። እናቴ ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ስንዴና የባቄላ ክክ ቀቅላ፣ ጨው ጣል አድርጋ ጉልባን ታዘጋጃለች፤ ለቤተሰቡ ከማቅረቧ በፊት ለጎረቤት ሁሉ በሳህን ታዳርሳለች። ዓርብ ስግደት ውላ አክፍሎት ትይዛለች፤ የትንሣኤው ቅዳሴ እስኪያልቅ ድረስም ምንም አትቀምስም። ራሷ ሳትቀምስ ግን ቅዳሜን ሙሉ ምድጃ ሥር ነው የምትውለው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ ታቁላላለች፤ ዶሮውን በሎሚና በጨው እየደጋገመች፣ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ ታጥባለች፤ ዐሥራ ሁለቱን ብልት ለይታ ከቆጠረች በኋላ ፈረሰኛውን ለአባቴ ታስቀምጣለች። የወጡን ጨው እንኳ የምንቀምስላት እኛ ልጆች ነበርን፤ እኛም ለመጾም ዕድሜያችን ሲደርስ በማሽተት ብቻ መመጠን ጀመረች።

በአባቴ ወገን የበዓሉ ገበታ ያለ ቆጮ አይሞላም፤ ቡናውም የመጨረሻው ሳይሆን የመጀመሪያው መስተንግዶ ነው። ከካፋ የሚመጡ ዘመዶቻችን ከጫካ የተለቀመ ቀይ የኮረሪማ ፍሬ ይዘውልን ይመጡ ነበር፤ እናቴ እሱን ምድጃ አጠገብ አድርቃ ለቅቤ ማንጠሪያ ታውለዋለች። ስለዚህ የእኛ ቤት ዶሮ ወጥ አሠራሩ የመንዝ፣ ሽታው ደግሞ የካፋ ነው። እኔ ያደግኩት በሁለቱ መካከል ሳልመርጥ ነው፤ ልጆቼም እንዲመርጡ አልፈልግም።

ከዚህ ሁሉ በላይ እንድትጽፉልኝ የምፈልገው ግን አንድ ነገር አለ፤ እሱም ለሙስሊም ጎረቤት ተለይቶ የሚታረደው ዶሮ ወይም በግ ነው። በልጅነቴ ይህ ያልተደረገበት ፋሲካ አላስታውስም። አሁን በየቤታችሁ አለ? ካለስ እንዴት ይደረጋል?

ዲያቆን ዘጅሬን

እህታችን፣ ርዕሱን ስላነሳሽው እግዚአብሔር ይስጥልን። የቤቱ ልማድ የቱንም ያህል ቢለያይ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት አንድ ስለሆነ፣ ሁለቱ እንዳይቀላቀሉ ጥቂት ልጨምር።

ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዘወረደ ጀምሮ እስከ ሆሳዕና በየሰንበቱ ስምና ምንባብ አለው። ፋሲካ በባሕረ ሐሳብ ቀመር የሚወጣ ተዘዋዋሪ በዓል በመሆኑ ከመጋቢት 26 በፊት፣ ከሚያዝያ 30 በኋላ አይውልም። በ2016 ዓ.ም. ሚያዝያ 27፣ በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 12፣ በ2018 ዓ.ም. ደግሞ ሚያዝያ 4 ነበር። በዚህ ምክንያት በዓሉ በእኛ አካባቢ አንዳንዱ ዓመት የበልጉ ዝናብ ጥሎ የቡናው ነጭ አበባ ገና ሲያውድ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ዓመት ደግሞ አበባው ረግፎ ፍሬ መቋጠር ከጀመረ በኋላ ይመጣል።

በሰሙነ ሕማማት ምእመናን በመሳሳምና በመጨባበጥ ሰላምታ አይለዋወጡም፤ ካህናትም መስቀል አያሳልሙም። ሐሙስ ኅፅበተ እግር ይፈጸማል። ዓርብ ስግደቱ ሲያበቃ ካህኑ ምእመናኑን በወይራ ቅጠል ጠብ እያደረገ የሚሰግዱትን ቁጥር ይነግራቸዋል። ቅዳሜ ጠዋት ካህናቱ «ገብረ ሰላም በመስቀሉ፣ ትንሣኤሁ አግሃደ» እያሉ ቄጤማ ያድላሉ፤ ይህም ለኖኅ የጥፋት ውኃ መጉደሉን ያበሠረችውን ርግብ ያሳስባል። ይህ ሁሉ በመንዝም ሆነ በካፋ፣ በጅማም ሆነ በጎንደር አንድ ነው።

ዐሥራ ሁለት ብልት፣ ዐሥራ ሁለት ዕንቁላል፣ ቆጮ ወይም እንጀራ የሚባለው ግን የቀኖና ጉዳይ አይደለም። በዚህ ሰው ከሰው ቢለያይ ሃይማኖቱን አጎደለ አይባልም። ይህንን አጥብቄ የምናገረው፣ አዲስ የተጋቡ ልጆች «የማን ቤት ፋሲካ ነው ትክክለኛው?» እየተባባሉ በበዓል ዋዜማ ሲቀያየሙ በተደጋጋሚ ስላየሁ ነው።

የመርካቶ ልጅ

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ለክርስቲያን ወንድሞቼና እህቶቼም ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጥያቄው እኛንም ስለሚመለከት ዝም ማለት አልቻልኩም።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የጅማዋ ሄርማታ ከአባ ጅፋር ዘመን ጀምሮ የምትታወቀው በሐሙስ ገበያዋ ነው። ጸሎተ ሐሙስም ሁልጊዜ ሐሙስ ስለሆነ፣ የጅማ ክርስቲያን የፋሲካውን ዶሮ፣ ዕንቁላል፣ ቅቤና ማር የሚገዛው በአብዛኛው በዚያ ቀን ነው። ሻጮቹ እነማን ናቸው? ከከተማው ዙሪያ ካሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚመጡ፣ አብዛኞቹ ሙስሊም የሆኑ ገበሬዎችና እናቶች ናቸው። የበዓሉን ቀን ከእናንተ ባልተናነሰ ያውቁታል፤ ቅቤውን ከሳምንታት በፊት ጀምረው ያጠራቅማሉ፤ አውራ ዶሮውንም «ለፋሲካ» ብለው ያሳድጋሉ። ቅዳሜ ቄጤማ ተሸክመው የሚገቡትም እነሱ ናቸው። ስለዚህ ፋሲካ በጅማ ከክርስቲያኑ ቤት ብቻ አይጀምርም።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አባቴ፣ አላህ ይዘንለት፣ በየዓመቱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የራሱን ቢላዋ ይዞ ወደ ጎረቤታችን ግቢ ይሄድ ነበር። የግቢው እመቤት እትዬ (ለእኛ እናት ማለት ነበሩ) ለእኛ የሚሆነውን ዶሮ እግሩን አስረው ይጠብቁታል። እሱ ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ እናቴ ደግሞ አብራ ገብታ ትገነጥላለች፤ ወጡ የሚሠራውም ለእኛ ብቻ በተለየ ድስት ነው። ያ ድስት፣ ጭልፋውና ሳህኖቹ በጎረቤታችን መደርደሪያ ላይኛው ክፍል በነጭ ጨርቅ ተሸፍነው ዓመቱን ሙሉ ይቀመጣሉ፤ ለሌላ ነገር አይነኩም፤ የቤቱ ልጆችም አይደርሱባቸውም። ለመጠጥም ጠላው ወደ ጓዳ ይገባና ብርዝ ይቀርብልናል። በዒድ ደግሞ እኛ ቤት በተራችን የእነሱን ወገን ጠርተን ለእነሱ በግ እናሳርዳለን። ማንም የማንንም አልበላም፤ ማንም ግን ሳይበላ አልሄደም።

በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ፋሲካ በረመዳን ውስጥ ዋለ። ጎረቤቶቻችን እሑድ ቀን ሲጠሩን መቅመስ እንደማንችል አውቀው የእኛን ድርሻ ለማግሪብ አቆዩልን፤ አዛን ሲባል ቴምሩን ከቤታችን፣ ወጡን ከቤታቸው አድርገን አብረን አፈጠርን። በ2015 ፋሲካ ሚያዝያ 8፣ ዒድ አልፈጥር ሚያዝያ 13 ስለነበር ያ ሳምንት ለሰፈራችን አንድ ረጅም በዓል ነበር። በ2018 ደግሞ ዓቢይ ጾምና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ፤ የሰፈሩ ሥጋ ቤቶች ጭር ሲሉ ሁለታችንም በምን ምክንያት እንደሆነ እናውቅ ነበር።

የቦዬ ነፋስ

የተጻፈውን ሁሉ በአክብሮት አንብቤያለሁ። ይሁን እንጂ ስለ ወላጆቻችን ጊዜ ስንጽፍ የዛሬውን ኑሮ የረሳነው መሰለኝ። እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። ዶሮ ማረጃ ቦታ የለም፤ ደም የሚፈስበት ግቢ የለም፤ ኩሽናውም ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። በግ መግዛት ቀርቶ በቅርጫ አንድ መደብ ለመያዝም ወሩን ሙሉ ማሰብ ይጠይቃል። በዚህ ላይ ለጎረቤት ለብቻ ማረድ ይገባል ብሎ መጻፍ፣ አቅም የሌለውን ሰው ከጎረቤቱ እንዲሸሽ ያደርገዋል። ይህንን ስል በግምት አይደለም፤ «የሚገባቸውን ማቅረብ ካልቻልኩ ባልጠራቸው ይሻላል» ብሎ በሩን ዘግቶ ፋሲካን የዋለ ጓደኛ አለኝ።

እኛ የምናደርገው እንዲህ ነው። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ድፎ ዳቦ እንቆርሳለን፤ ቡና እናፈላለን፤ ከሥጋ ነፃ የሆነ ጎመንና ምስር እናቀርባለን፤ ብርዝ ካገኘን እሰየው። ማንም ቅር ሲለው አላየሁም። በበኩሌ ይህ በቂ ነው እላለሁ።

ባለ እንሰቷ

እኔ የጉራጌ ልጅ ነኝ፤ አያቶቼ ለንግድ ጅማ ገብተው እዚሁ ወልደው ከብደዋል። በእኛ ቤት ታላቁ በዓል መስቀል ነው፤ የትውልድ አገር የሚኬደው፣ ከብቱ የሚታረደው፣ ክትፎው የሚደረደረው ያኔ ነው። ስለዚህ ፋሲካ ለእኛ ከጎረቤት ጋር የሚዋልበት በዓል ሆነ። ክትፎና አይቤ ቢኖርም ዋናው ሥራችን ድፎ ዳቦው ነበር፤ ለምን ቢባል የሰፈሩ ሰው ሁሉ ኮባ የሚቆርጠው ከእኛ ጓሮ ነው።

የድፎው አሠራር እየተረሳ ስለሆነ ልጻፈው። ኮባው ከዋዜማው ይቆረጥና አከርካሪው ተልጦ ይወጣል፤ ቅጠሉ እንዳይቀደድ እሳት ላይ ለብ ተደርጎ ይለሰልሳል፤ ሲሞቅ ቀለሙ ጠቆር ብሎ ይጠቀለላል እንጂ አይሰነጠቅም። ምጣዱ ላይ ተደራርቦ ይነጠፋል፤ የቦካው የስንዴ ሊጥ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ ገብቶበት ይገለበጣል፤ ከላዩ በሌላ ኮባ ይሸፈንና ክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። እሳቱ ከላይም ከታችም ካልሆነ መሐሉ አይበስልም። የኮባው መዓዛ ዳቦው ውስጥ ገብቶ ይቀራል፤ በብረት ትሪ ኦቨን ውስጥ የተጋገረውን ግን እኔ ድፎ ብዬ አልጠራውም።

የቦዬ ነፋስ ያልከው እውነት ነው፤ ዳቦ ሁሉንም ሰው አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል። የእኛ ቤት ጎረቤቱን ሁሉ ያስተናገደው በእሱ ነው። ነገር ግን ዳቦው ለሁሉም ስለሚሆን የተለየው ድስት አያስፈልግም ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ወለተ ሄርማታ

ወንድሜ የቦዬ ነፋስ፣ ስለ ጓደኛህ የጻፍከው አሳዝኖኛል፤ ማንም ሰው በአቅም ማነስ በሩን ሊዘጋ አይገባም። በዚህ ላይ ከአንተ ጋር ነኝ። የምለይህ አንድ ቦታ ነው።

ለጎረቤቴ ጎመንና ምስር ሳቀርብ እኔ እየፈሰክኩ እሱን እያስጾምኩት ነው። በእኛ ዘንድ ፋሲካ 55 ቀን ሙሉ የተከለከለው ሥጋ፣ ቅቤና ወተት የሚፈቀድበት ቀን ነው፤ የደስታው አካል የሆነው ያ ምግብ ነው፤ ጎረቤቴን ከደስታው ዋና ነገር አግልዬ ጠርቼሃለሁ ልለው አልችልም። የመርካቶ ልጅ የጻፈው ድስት ዓመቱን ሙሉ መደርደሪያ ላይ መቀመጡ ቁም ነገሩ ይህ ነው። ድስቱን የያዘው ቤት «እኔ የምበላውን አንተ አትበላም፤ ይህንንም አውቄ አስቤልሃለሁ» ብሏል። ልዩነቱን የደበቀ የለም፤ ይቅር ያለም የለም፤ ልዩነቱ ባለበት ቦታ ላይ ድካም ተጨምሮበታል። እኔ የጅማን ፋሲካ ከሌላው ከተማ የምወድበት ዋናው ምክንያት ይህ ድካም ነው።

ዶሮ መሆን አለበት አላልኩም። ትንሽም ቢሆን የሚፈሰክበት ነገር ይሁን ነው የምለው።

ሰላም ለቤቱ

እኔ የወንጌላውያን አማኝ ነኝ፤ ባለቤቴ ኦርቶዶክስ ናት። በዓሉን የምናከብረው በአንድ ቀን ስለሆነ በቀኑ ልዩነት የለንም። የሚለየን መንገዱ ነው። እሷ ሁዳዴን ትጾማለች፤ እኔ በዚያ ሥርዓት አልጾምም። በተጋባን ሰሞን በጾሙ ወራት ለእኔ ሥጋ ለብቻ ትሠራልኝ ነበር፤ እሷ የማትቀምሰውን እንድታበስል ማድረጉ ልክ ስላልመሰለኝ በቤታችን በሁዳዴ ሥጋ እንዳይገባ ተስማማን። ዓርብ እሷ ስግደት ስትውል እኔ ቤተ ክርስቲያናችን የስቅለት ጸሎት ፕሮግራም ላይ እውላለሁ። ቅዳሜ ሌሊት ከቅዳሴ የምትመለስበትን ሰዓት ጠብቄ ወጡን የማሞቀው እኔ ነኝ፤ በሩን ስከፍትላት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ትለኛለች፤ እኔም «በዓቢይ ኃይል ወሥልጣን» እላለሁ። ይህንን ምላሽ ያስተማሩኝ አማቴ ናቸው፤ ቃሉ የምናምነውን ስለሚናገር ለማለት አልከበደኝም።

አማቴን ካነሳሁ አይቀር፣ በአክፋይ ጉዳይ ላይ ምክር ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል። በባለቤቴ ቤተሰብ አማች በፋሲካ ሰሞን ድፎ ዳቦና በግ ይዞ ወደ አማቶቹ ይሄዳል። እኔ የምወስደው በዳግማ ትንሣኤ ነው፤ አንዳንድ ሰዎች ግን ከዚያ በፊት በሳምንቱ ውስጥ መሆን አለበት ይላሉ።

ዲያቆን ዘጅሬን

ሰላም ለቤቱ፣ አክፋይ የዘመድ ፍቅር ሥርዓት እንጂ በቀን የታጠረ አይደለም። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ያለው በዓለ ሃምሳ በመሆኑ ረቡዕና ዓርብም አይጾምም፤ በዳግማ ትንሣኤ መሄድህ ምንም አያጎድልብህም። አማትህ ከተመቻቸው የአዳም ሐሙስ ዕለት መሄድም ትችላለህ፤ ጅማ ላይ ሐሙስ ገበያ ስለሆነ በጉንም እዚያው መርጠህ ትገዛለህ።

ከሩቅ አገር

ጅማ ተወልጄ ያደግኩ፣ አሁን አሜሪካ የምኖር ነኝ። በ2017 የእኛና የምዕራባውያኑ ፋሲካ ሚያዝያ 12 አንድ ላይ ዋለ፤ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ቀለም የተቀባ ዕንቁላል ይዘው መጥተው ከእኛው የወጥ ዕንቁላል አጠገብ አስቀመጡት። በ2018 ግን የእነሱ መጋቢት 27፣ የእኛ ሚያዝያ 4 ሆነ፤ ልጆቹ የጓደኞቻቸው በዓል አልፎ ሰሙነ ሕማማትን ከእኔ ጋር ሲጾሙ ማየት ለእኔ ትልቅ ነገር ነበር። ባለ እንሰቷ የጻፍሽውን የድፎ አሠራር ለባለቤቴ አነበብኩላት፤ እዚህ ኮባ ስለማይገኝ በሙዝ ቅጠል ነው የምንጋግረው፤ እሱም በረዶ ሆኖ ታሽጎ የሚሸጥ ነው። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብ ማድረጉን አናውቅም ነበርና ሁልጊዜ ይሰነጠቅብን የነበረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባን።

የመርካቶ ልጅ

የቦዬ ነፋስ፣ ለአንተ ቤት የሚሆን መፍትሔ አለ። እኔም ካገባሁ ወዲህ የምኖረው ፎቅ ላይ ነው፤ በእኛ ሕንፃ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ጋር እንዲህ ተስማምተናል። ማረዱ ቀርቷል። በፋሲካ እነሱ ከሙስሊም ሥጋ ቤት አንድ ኪሎ ሥጋ ይገዛሉ፤ በዒድ እኛ ከክርስቲያን ሥጋ ቤት እንገዛለን፤ ሥጋው ከነፌስታሉ ወደ ባለድርሻው ቤት ይላካል። የሚያበስለው ተጋባዡ ራሱ በራሱ ድስት ነው፤ ሲበስል ይዞት ወደ ጋባዡ ቤት ይመጣና አብረን እንቀመጣለን። ወጪውም አንድ ኪሎ ነው፤ ኩሽናውም አይጨናነቅም።

የቦዬ ነፋስ

ይህ የሚቻል ነገር ነው፤ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ይቀረኛል። ቅቤውን እኛ አንጥረን ብንሰጣቸው ይጠቀሙበታል? ወይስ ማንጠሪያ ዕቃችን ሥጋ ስለሚነካ እሱም ለብቻው መሆን አለበት?

የመርካቶ ልጅ

ዕቃው ለሥጋ የሚያገለግል ከሆነ ለጋውን ቅቤ ሳይነጠር ስጧቸው፤ ኮረሪማውንና ኮሰረቱን አብራችሁ ላኩላቸው፤ እነሱው ያነጥሩታል። ባለቤቴ እንደዚያ ነው የምታደርገው።